ከትከሻ እስከ እግር፦ የአገው ምድር ሠርቶ አዳሪ አለባበስ ታሪክ

የታሪክ መጻሕፍታችን የንጉሡን ካባ፣ የመሳፍንቱን ለምድ፣ የጦር አበጋዙን በብር የተለበጠ ጋሻ ሳይሰለቹ ይቆጥሩልናል። ያንን ሁሉ ያበላው አራሽ ምን ለብሶ እንዳረሰ፣ ምን ተጫምቶ ገበያ እንደወጣ ሲጠየቁ ግን ዝም ነው። ለእነሱ አለባበስ ማለት የማዕረግ ምልክት እንጂ የብርድና የኪስ ጉዳይ አይደለም። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ስሙ በየትኛውም ዜና መዋዕል ያልሰፈረውን ሰው ነው፤ በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ገበያ መካከል ቆሞ፣ ድንቹን ወይም ገብሱን ሸጦ ያገኛትን ገንዘብ በመዳፉ ጨብጦ፣ «አሁን ከዚህች ምኑን ልግዛ፣ ምኑን ልተው?» እያለ የሚያሰላውን ሰው። ይህ ስሌት ቀላል የሚመስለው ሳንቲም ቆጥሮ ለማያውቅ ብቻ ነው። ስሌቱም የራሱ ታሪክ አለው።

ከሩቅ ዘመን ጀምረን ብንከተለው አንድ ነገር ሳይለወጥ እናገኛለን፤ ስሌቱ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አስቀድሞ ትከሻ ይለብሳል፤ ቀጥሎ ወገብ፤ በመጨረሻ እግር። እግር ዘንድ ሲደረስ ገንዘቡ አልቋል።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ዛሬ የአዊ ዞን የምንለው፣ ቀድሞ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር የአገው ምድር አውራጃ ይባል የነበረው አገር በምዕራቡ ወደ መተከል ቆላ ይወርዳል፤ መሐሉ ግን ደጋ ነው። ዳንግላ ከ2,000 ሜትር በላይ፣ እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጠዋል። ክረምቱ ረጅም ነው፤ ዝናቡ ቀጠሮ አያከብርም። ከሞቃት አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚመደብ ተማሪ ሻንጣውን በስስ ሸሚዝ ሞልቶ ይመጣና በሳምንቱ «ጋቢ የት ይሸጣል?» ሲል ይሰማል። ምድሩም እሳተ ገሞራ የሠራው ነው፤ ዘንገናና ጥርባ የተባሉት ሐይቆች የተኙት በጥንት እሳተ ገሞራ አፎች ውስጥ ነው። ከዚያ ድንጋይ የተፈጨው ቀይ አፈር ሲረጥብ ይለጥፋል፣ ሲደርቅ ይቦናል። ወደዚህ አፈር ኋላ እንመለስበታለን፤ የጽሑፋችን ዋና ነገር ያለው እዚያ ነውና።

ስለ አገው አለባበስ በጽሑፍ ከቆዩልን ቀደምት ምስክርነቶች አንዱ የስኮትላንዱ መንገደኛ የጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ኅዳር ወር ወደ ግሽ ዓባይ ሲደርስ የአካባቢው አገው ወንዱም ሴቱም ቆዳ እንደሚለብስ፣ ቆዳውንም በራሱ ዘዴ አልፍቶ እንደሚያለሰልሰው ጽፏል። እንግዲህ የአውሮፓ ሰው ቆዳ ለባሽ ሲያይ «ኋላ ቀር» ማለት ይቀናዋል። እኛ ግን የዚያን ዘመን ገበሬ ስሌት እንመልከት። ይኸው ብሩስ እንደሚነግረን አገው ለጎንደር ከተማ ማርን፣ ቅቤን፣ ሰምን፣ ስንዴን፣ ከብትንና ቆዳን የሚያቀርብ ሕዝብ ነበር፤ ሰዎቹ በመቶና በሺህ እየሆኑ ተጭነው ይወጡ ነበር። ማሩ ለጎንደር መኳንንት ጠጅ ይሆናል፤ ቆዳው ግን እቤት ሊተርፍ ይችላል። ጥጥ በደጋው አይበቅልም፤ መግዛት ያስፈልጋል። በግ ግን በየደጁ አለ። ብርድ ለሚቆረጥመው፣ ዝናብ ለሚወርድበት ትከሻ ከደበሎ የተሻለ ምን ነበረ? ደበሎ ነፋስ አይበሳውም፣ እሾህ አይቀድደውም፣ ሌሊት ምንጣፍ ይሆናል። ለእረኛ ልጅ ከአባቱ በግ የተገፈፈ ደበሎ ነጻ ነበር ማለት ነው፤ የፈጀው የእጅ ሥራ ብቻ ነው።

በዚያ ኑሮ ውስጥ አብዛኛው ዕቃ እንዲህ በእጅ የሚገኝ ነበር። ለዝናቡ ከሣር የተጎነጎነ ገሳ፤ ለእህሉ ስልቻና አቁማዳ፤ ለውኃው ቅል፤ ለቤቱና ለቅርጫቱ የእንጅባራ አካባቢ ደጋ ቀርከሃ። ገንዘብ፣ ማለት አሞሌ ጨው ወይም ማርትሬዛ ብር፣ የሚወጣው እጅ ለማይሠራው ነገር ነበር፤ ለጨው፣ ለማረሻ ብረት፣ ኋላም ለጥጥ። ጥጡ ከመተከል ቆላ፣ ከጉሙዝ አገር በገበያ በኩል ይወጣል። ሴቷ በበጋ ትፈትላለች፣ ፈትሉ ለሸማኔ ይሰጣል፣ ሸማኔው በዋጋው ሠርቶ ይመልሳል። አንድ ጋቢ በአራት ተደርቦ ሲወጣ ውስጡ የስንት ወር ምሽት እንዳለ የሚያውቀው የፈተለችው ብቻ ናት። ለዚህ ነው ጋቢ ሲያረጅ የማይጣለው፤ የአባት ጋቢ ለልጅ ይቆረጣል፣ የልጁ ለሕፃን መታቀፊያ ይሆናል፣ ከዚያም የምጣድ ማሰሻ። አሁን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የሚገባውን ልብስ ለሚያይ ሰው ይህ ሥርዓት ተረት ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ልብሱን የሸመነው፣ ቆዳውን የፋቀው፣ ማረሻውን የቀጠቀጠው ሰው በዚያው በሚያለብሰው ኅብረተሰብ ይናቅ ነበር። «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ጋብቻ ይከለከል ነበር። አገሩ ያለ እሱ ራቁቱን ነው፤ ማዕዱን ግን አያጋራውም። የጫማ ሙያ በገጠራችን ቶሎ ሥር ያልሰደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ንቀት ይመስለናል፤ ቆዳ መሥራት የሚያስነውር ከሆነ የገበሬው ልጅ ለምን ይማረው?

ትከሻ እንዲህ ሲለብስ እግር ባዶውን ቀረ። ባዶነቱ ግን እንደ ጉድለት አይታይም ነበር፤ ጌታውም ሎሌውም ባዶ እግሩን ነበርና። የድሮውን እርካብ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የኢትዮጵያ ፈረሰኛ እርካብ እንደ ፈረንጁ እግር ሙሉ የሚያስገባ አልነበረም፤ የእግር አውራ ጣት ብቻ የምትገባበት ትንሽ ቀለበት ነበር። ዕቃው ሲፈለሰፍ ጫማ የሚባል ነገር አልታሰበም ማለት ነው። አገው ምድር ደግሞ የፈረስ አገር ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬም ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። ፈረሱ ሲያጌጥ ማየት ደስ ይላል፤ ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ የአንገት ጌጡ። በቀደመው ዘመን ለፈረሱ ይህ ሁሉ ሲወጣ ለጋላቢው እግር የወጣ አልነበረም። ይህን ለነቀፋ አንናገረውም። ፈረስ ይጭናል፣ ያደርሳል፣ ክብር ይሆናል፤ ጫማ ምን ያደርጋል ይባል ነበር።

ታዲያ ለውጡ ከየት መጣ? ከመንገድ መጣ። እንግሊዛዊው ቆንስል ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ ተቀምጦ ጣናንና የዓባይን ሸለቆ ሲያጠና ጉዞው ሁሉ በበቅሎና በእግር ነበር። ከዚያ ጣሊያን መጣ፤ የጭነት መኪናውንም ይዞ መጣ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያን ዳንግላን ለቆ ሲሸሽ ከሱዳን በኩል የገባው የዊንጌት ጦር በእንጅባራ አድርጎ ወደ ቡሬ አለፈ። ያ ጦር ስንቁን የጫነባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ፤ የቆላ እንስሳ ለጎጃም ዳገትና ብርድ አልተፈጠረማ። ዕቃን ከአገሩ ጋር አለማዛመድ የጦር መኮንንንም ያሳስታል፤ ጀማሪ ተማሪን ብቻ አይደለም።

መኪና ሲመጣ ጎማ መጣ፤ ጎማ ሲያልቅ በረባሶ ሆነ። ከአሮጌ ጎማ ተቆርጦ የሚሠራውን ይህን ጫማ ከተሜ ይስቅበታል፤ እኛ ግን ከዘመኑ ብልህ ፈጠራዎች አንዱ ነው እንላለን። ጥሬ ዕቃው የተጣለ ነው፣ መሣሪያው ቢላዋና ወስፌ ነው፣ እሾህ አይበሳውም፣ ባለቤቱ ሳያረጅ እሱ አያረጅም። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ ከላይ ክፍት ስለሆነ እግርን ከድንጋይና ከእሾህ እንጂ ከአፈር አያድንም። ከእሱ ኋላ ላስቲክ ጫማ ተከተለ፤ «ኮንጎ» የምንለው። የኮንጎ ስሌት ደግሞ ሌላ ነው። በርካሽ ይገዛል፣ ውኃ አያበላሸውም፣ ሲሰነጠቅ በጋለ ብረት ይለጠፋል። በፀሐይ ግን እግር ይቀቅላል፣ በዝናብ ውስጡ ያንሸራትታል። በአስመራ የታጋዮች መታሰቢያ ሆኖ የቆመው ትልቅ ጫማ የዚሁ የላስቲክ ሰንደል ዘመድ ነው፤ እዚያ «ሺዳ» ይሉታል። ለድሃ እግር ሐውልት የቆመበት ሌላ አገር እኛ አናውቅም።

ከትከሻ በታች ላለው ወገብ ደግሞ አቡጀዲና ካኪ ደረሱለት። እ.ኤ.አ. በ1961 የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ የተሠራውም ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ነበር። በወረራው የተቃጠለው የገበሬ ጎጆ ካሣ ጣቃ ሆኖ ተመለሰ ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም፤ ልዩነቱ ገበሬው ጣቃውን በገንዘቡ መግዛቱ ነው! በየገበያው ጥግ የስፌት መኪናውን የዘረጋው ልብስ ሰፊ የጎጃምን ቁምጣ ሰፋ። ቁምጣውን «ጨርቅ አጥሮት ነው» የሚል አላዋቂ አለ። ኧረ ተው! እስከ ጉልበት ጭቃ ውስጥ የሚያርስ ሰው ረጅም ሱሪ ምን ያደርግለታል? ቁምጣ ጭቃ አይጎትትም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ከአንድ ሱሪ ጨርቅም ይተርፋል። በጉልበቱ ላይ የሚጠገን ነገር የለውም፤ ጉልበት የለውማ።

ጫማ ሲገዛም ለዘወትር አልነበረም፤ የክት ነበር። ወላጆቻችን የሚያወሩት ነው። ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ጫማውን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ይመጣል፤ ከተማው መግቢያ ካለው ወንዝ ሲደርስ እግሩን ታጥቦ ይጫማል፤ ሲመለስ እዚያው ያወልቃል። ጫማው እግርን አያገለግልም፣ እግር ነው ጫማውን የሚጠብቀው። በኪስ ስሌት ስንሄድ ግን እብደት የለበትም፤ ዕቃ የሚያልቀው በመንገድ ነው፣ ክብር የሚታየው በከተማ ነው። ያልታየው ሦስተኛው ነገር ነበር። እሱም አፈሩ።

በጎጃም ደጋ ዝሆኔ የሚባል በሽታ አለ። እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይጠነክራል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል፤ በየጊዜው ትኩሳት እየጣለ ባለቤቱን ያስተኛል። ሕዝቡ እርግማን ነው፣ የዘር ነው፣ የረገጠው መተት ነው ይል ነበር። በአዲስ አበባ የሠራው እንግሊዛዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በየገበያው እየዞረ የታማሚዎችን እግርና የአካባቢያቸውን አፈር አዛመደ። የደረሰበትም ይህ ነው፦ በሽታው ያለው ከፍ ያለ፣ ዝናብ የበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ባለበት ነው፤ የደቀቀው ማዕድን ለዓመታት በባዶ እግር ቆዳ እየገባ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ሥሮች ይዘጋል። ስሙንም ከግሪክ ቃል «ፖዶኮኒዮሲስ» አለው፤ የእግር አቧራ በሽታ እንደማለት ነው። ተሕዋስ የለበትም። ትንኝ አያመጣውም። መከላከያው ጫማና የእግር መታጠቢያ ውኃ ነው።

«የዘር ነው» የሚለውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ባዶ ወሬ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት አንዳንድ ሰው ለዚያ አፈር ተጋላጭ የሚያደርገው ነገር በዘር እንደሚወረስ አሳይተዋል። ነገር ግን ዘር ብቻውን እግር አያሳብጥም፤ አፈሩ ካልነካው ምንም አይሆንም። በሰሜን አፍሪካ በሽታው የጠፋው ሕዝቡ ጫማ ስላደረገ ነው። በእኛ አገር ግን በ2000ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ የታማሚው ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ ተገምቷል። ሴት ልጇ ሳትዳር የቀረችባት እናት፣ ከዕድርና ከማኅበር የራቀ አባት፣ ትምህርት ቤት ተሳልቆበት ያቋረጠ ልጅ፤ ይህ ሁሉ ከላይ ወደ ታች በወረደው ስሌት መጨረሻ ላይ ያልተገዛችው ጫማ ዋጋ ነው። ደበሎውና ጋቢው ሰውን ከብርድ አዳኑ፤ ብርድ ዛሬ ይሰማል፣ አፈር ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ነው የሚናገረው።

እኛ ተማሪዎችስ በዚህ ታሪክ ውስጥ የት ነበርን? ስለ ልብስ ዝም ብለን አናውቅም። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ ቀደምቶቻችን «ድሃ በበዛበት አገር የፈረንጅ አጭር ቀሚስ ማሳየት የባህል ወረራ ነው» ብለው ተቃወሙ፤ ነገሩ ወደ ረብሻ ሄደ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ተቃውሞው እውነት ነበረበት። ሆኖም የቀሚሱን ርዝመት የለካው ዓይን የገበሬውን እግር ሲለካ አላየንም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ ቢቂላ ሮምን በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ባዶ እግር የኩራት ሥዕል ሆኖ ነበር። ያው አበበ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ተጫምቶ ማሸነፉን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

«ታዲያ ዛሬ ጫማ በሽ በሽ አይደለም?» ይሉናል። አዎ፣ በየገበያው ተከምሯል። ግን የገበሬው ገንዘብና የእግሩ ችግር በተለያየ ወር ነው የሚመጡት። ገንዘቡ የሚገኘው አዝመራ ሲሰበሰብ፣ ከታኅሣሥ በኋላ ነው፤ ያኔ ግብር አለ፣ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ ሠርግ አለ። ጫማም የሚገዛው ያኔ ነውና የሚመረጠው ለጥምቀትና ለሠርግ የሚያምረው ነው። እግር ጭቃ ውስጥ የሚገባው ግን በሐምሌ ነው፤ በሐምሌ ኪስ ባዶ ነው፣ የጥሩ ጫማም ሶሉ ለቋል። የጎማ ቦት ጫማ ያለው እንኳ ሲያርስ ያወልቀዋል፤ ጭቃው ይይዘዋል፣ ከበሬ ጋር አያስኬደውም። ለሞፈር ጨባጭ እግር የታሰበ ጫማ እስካሁን ገበያ ላይ አላየንም። አንድ ጠንካራ ጫማ ሁለት ዓመት ቢሄድ፣ ርካሹ ደግሞ በየስድስት ወሩ ቢቀደድ ጠንካራው እንደሚያዋጣ ገበሬው ከእኛ በላይ ያውቃል። ያጣው ዕውቀቱን ሳይሆን በአንድ ቀን የሚከፈለውን ገንዘብ ነው።

ትከሻን በሚመለከት ግን ሠርቶ አዳሪው አዲስ መላ አግኝቷል፤ ሰልባጅ። ያገለገለ ልብስ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ቦንዳው ድንበር አቋርጦ ይመጣል። ኬንያና ታንዛኒያ ላይ ሚቱምባ ይሉታል፤ እዚያ በአደባባይ የሚነገድ ነው። የአውሮፓ ክረምት የተሠራለት ወፍራም ጃኬት ለእንጅባራ ሌሊት ከስሱ አዲስ ጃኬት በብዙ ይበልጣል። አዋቂ ገበያተኛ ሲገዛ ማየት ትምህርት ነው። ቀለሙን አያይም፤ መጀመሪያ ገልብጦ ስፌቱን ያያል፣ ብብቱን በጣቱ ይገፋል፣ ዚፑን ሦስቴ ይስባል፣ ገበሩን ከውጩ ነጥሎ ይጨብጣል። ከዚያ ነው ዋጋ የሚጠይቅ። ለዝናቡ ደግሞ ገሳን ላስቲክ ተክቶታል፤ እረኛው የማዳበሪያ ከረጢቱን አንድ ጥግ ወደ ሌላው አስገብቶ ቆብ ያለው ካባ ያደርገዋል። ይህን ፈጠራ ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ ከመላ ኢትዮጵያ ግን ያልደረሰበት ደጋ የለም።

በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ደግሞ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት እየተከለ ከሰል ማክሰል ከጀመረ ወዲህ ከአዝመራ ውጭም ገንዘብ የሚገኝበት ወር ተገኝቷል። ይህ ለእግር ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ሶልና ጎማም ዋጋው ከዶላሩ ጋር ነው የሚራመደው።

በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ቀላል ነገር አሳይቷል፦ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና መጫማት የዝሆኔን ትኩሳትና ሥቃይ ይቀንሳል። ነገር ግን አንድ ጊዜ ያበጠ እግር ገበያ ቢወጣ ልኩን አያገኝም። ትልቁ ቁጥር አይገባውም፤ የሰልባጁም አይበቃውም። በወላይታ ሶዶ ታማሚዎችን የሚረዳ አንድ ድርጅት ለዚህ ሲል ጫማ ሰፊዎችን አሠለጠነ። ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ ራሳቸው ታማሚዎች ናቸው፤ የደንበኛውን እግር ወረቀት ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ዙሪያውን ይነድፋሉ፣ ቆዳውንም በዚያ ልክ ይቆርጣሉ።